ኩስኩስ በልቼ ስኳሬ ለምን ዘለለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 56 ነው። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለብኝ፤ የምወስደው ሜትፎርሚን ብቻ ነው። ሩዝና ዳቦ ከቀነስኩ ቆየሁ። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ኩስኩስ ብላ፣ እንደ ኪንዋ ያለ እህል ነው፣ ስኳር አይጨምርም» አለኝ። አመንኩት። ልጄ ሠራችልኝ። የ250 ግራም ፓኬት ነበር፤ እኩል ተካፈልነው። ላዩ ላይ ጠበስ ያለ ካሮትና ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ ዘቢብም ነበረበት። ሥጋም ጥራጥሬም አልገባበትም። ከጎኑ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ጠጣሁ። ከመብላቴ በፊት ስኳሬ 124 ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ብለካው 236! ደነገጥኩ። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ኩስኩስ ለእኛ ክልክል ነው? ቁርጡን ይንገሩኝ።

ቁርጡን ፈላጊ

መልስ

ቁርጡን ልንገርዎ። ኩስኩስ ስንዴ ነው። ኪንዋ ከሚባለው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ጥቃቅን ፍሬ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ማካሮኒና ስፓጌቲ የሚሠሩበት ያው ጠንካራው ዱረም ስንዴ ሻከር ተደርጎ ይፈጫል፤ ሰሞሊና የሚሉት ነው። ውሃ እየተረጨበት በእጅ ወይም በማሽን ሲሽከረከር ትንንሽ ድቡልቡል ፍርፋሪ ይሆናል። ከዚያ በእንፋሎት ይበስላል። በፓኬት የሚሸጠው ደግሞ አስቀድሞ በስሎ የደረቀ ነው። ለዚህ ነው የፈላ ውሃ አፍስሰውበት፣ ከድነው አምስት ደቂቃ ቢጠብቁ የሚደርስልዎ። ባልደረባዎ ክፉ አላሰበም፤ መልኩ ያሳስታል። ፍሬ ፍሬ ስለሚል ብዙ ሰው እንዳለ ከማሳ የመጣ ይመስለዋል።

ኪንዋም ቢሆን «ስኳር አይጨምርም» የሚባል ነገር አይደለም። አንድ የመለኪያ ኩባያ የበሰለ ኪንዋ 39 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሆድ ውስጥ ስኳር የሚሆን ነገር፣ አለው። ያው አንድ ኩባያ የበሰለ ኩስኩስ 36 ግራም ገደማ ነው። ኪንዋ የሚሻለው በፋይበሩና በፕሮቲኑ ነው። በፋይበር እሱ 5 ግራም ገደማ ሲኖረው ኩስኩስ ከ2 ግራም ብዙም አያልፍም።

አሁን ወደ ሳህንዎ እንግባ። እኔ የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ሰው «ትንሽ ነው የበላሁት» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፓኬቱ ነው። እርስዎ ይባረኩ፣ ከነግራሙ ጽፈውልኛል። 100 ግራም ደረቅ ኩስኩስ ውስጥ 77 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። የእርስዎ ድርሻ 125 ግራም ነበር፤ ስለዚህ 96 ግራም ወስደዋል። በዳቦ እንቁጠረው። አንድ ስስ ቁራሽ ዳቦ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት ብለን ነው የምናሰላው። ኩስኩሱ ብቻውን ከስድስት ቁራሽ አለፈ። ዘቢቡስ? ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘቢብ አንድ ቁራሽ ዳቦ ያህላል። የሰው እፍኝ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፤ ሁለት ቁራሽ እንበለው። ጭማቂው በብርጭቆ 26 ግራም ገደማ ነው። ሁሉም ሲደመር 150 ግራም አካባቢ ይመጣል። አሥር ቁራሽ ዳቦ፣ በአንድ ቁጭታ! አሥር ቁራሽ ፊትዎ ቢደረደር ይበሉት ነበር? ዳቦ ከቀነሰ ሰው ይህን አልጠብቅም።

ስለዚህ በመለኪያዎ አይፍረዱ። 236 ማለቱ አይገርምም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፦ ከመለካትዎ በፊት እጅዎን ታጥበው ነበር? ዘቢብ ወይም ብርቱካን የነካ ጣት ላይ የምትቀር ትንሽ ስኳር ከደሙ ጠብታ ጋር ትቀላቀልና ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ታደርገዋለች። በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ መውጋት። ክፍላችን ውስጥ በዚህ ምክንያት ብቻ ደንግጦ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ግር የሚለውን ነገር ላንሳ። ኩስኩስና ስፓጌቲ ከአንድ ስንዴ ከተሠሩ ስኳር ላይ ለምን እኩል አይሆኑም? ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የሚባል መለኪያ አለ። አንድ ምግብ ስኳርን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ ከንጹሕ ግሉኮስ ጋር ያነጻጽራል፤ ግሉኮስ 100 ነው። ኩስኩስ 65 አካባቢ ላይ ይውላል፣ ስፓጌቲ 50 አካባቢ። ከ56 እስከ 69 ያለው «መካከለኛ» ስለሚባል ኩስኩስ ከመካከለኛው ጫፍ አጠገብ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። ስፓጌቲ ሲሠራ ሊጡ በኃይል ተጨምቆ ነው የሚወጣው። ግሉተን የሚባለው የስንዴው ፕሮቲን ስታርቹን፣ ማለትም ስኳር የሚሆነውን ክፍል፣ እንደ መረብ አጥብቆ ይይዘዋል። የጨጓራና የአንጀት ፈሳሽ ቶሎ አይደርስበትም። ኩስኩስ ግን ፍርፋሪ በፍርፋሪ ላይ ተጣብቆ የተሠራ ነው። እርስ በርሱ የላላ ነው፣ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ በስሏል፣ በዚያ ላይ ፍሬው ትንሽ ነው። ቤትዎ ይሞክሩት። ብዙ ያልበሰለ ስፓጌቲ በጥርስዎ ቢቆርጡ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ያያሉ፤ ገና ያልላላ ስታርች ነው። አንድ ቆንጠር የበሰለ ኩስኩስ ደግሞ በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መሐል አሸት ያድርጉት። ወዲያው ይላማል፤ ጠንከር ያለ ነገር አያገኙበትም። ሻይ ውስጥ የገባ የተፈጨ ስኳር ከድፍኑ ቀድሞ እንደሚሟሟው ማለት ነው። ሆድዎ የሚሠራው ሥራ ግማሹ ተሠርቶለት ነው የሚደርሰው።

ኢንዴክሱን ግን እንደ ፍርድ ወረቀት አይያዙት። መጠኑን አይነግርዎትም። አንድ ኩባያ ሙሉ የበሰለ ኩስኩስ ሲበላ በሰውነት ላይ የሚያርፈው ጫና፣ ግላይሴሚክ ሎድ የሚሉት፣ 22 ገደማ ነው፤ ከ20 በላይ «ከፍተኛ» ይባላል። ያው ኩስኩስ ግማሽ ኩባያ ሲሆን 11 ይሆናል፤ መካከለኛው ክልል የሚጀምርበት ላይ። ምግቡ ያው ነው፣ ኢንዴክሱም ያው ነው። «ክልክል ነው ወይ?» ላሉት መልሴ እዚህ ውስጥ አለ፤ አልከለክልዎትም፤ ግን በፓኬት አይካፈሉ!

እንዴት ይብሉት? እኔ ብሆን መጀመሪያ የኩሽና ሚዛን እፈልጋለሁ። ኩስኩስ በደረቁ ነው የሚመዘነው። ከበሰለ በኋላ ያለው ክብደት እንደ ውሃው መጠን ይለያያል፤ አንዱ ቤት የላላ ነው፣ ሌላው ቤት ፍርክስክስ ያለ። በደረቁ 40 ግራም ሲሆን ካርቦሃይድሬቱ 31 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ቁራሽ ዳቦ። ለብዙ ሰው መነሻ ትሆናለች። የእርስዎን ትክክለኛ ልክ ግን ሐኪምዎ ወይም የምግብ ባለሙያዎ ክብደትዎንና እንቅስቃሴዎን አይተው ነው የሚነግሩዎ። ሚዛን ከሌለ ከበሰለው ሲሶ ኩባያ እንደ አንድ ቁራሽ ዳቦ ይቆጠራል። ኩባያው የመለኪያው 240 ሚሊ ሊትር እንጂ ቤት ያለው ትልቁ የቡና ኩባያ እንዳይሆን። ሲሰፍሩም አይጫኑት፤ ኩስኩስ በማንኪያ ጀርባ ሲደቀደቅ ሌላ ግማሽ ይገባበታል።

40 ግራም ብቻውን ሳህን ላይ ሲቀመጥ ያሳዝናል፤ አውቃለሁ። ስለዚህ ብቻውን አይቀመጥ። ኩስኩስ ከጥንትም የወጥ ማረፊያ ነው። አልጄሪያ፣ ሞሪታኒያ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ በ2020 ዩኔስኮ ዘንድ የጋራ ቅርሳቸው አድርገው አስመዝግበውታል። እዚያ በአትክልትና በሽምብራ፣ በሥጋ ወይም በዓሣ ነው የሚቀርበው። እርስዎ የበሉት ግን ሥሩ ብቻ ነበር፣ ወጡ ቀርቶ። 23 ሳንቲሜትር አካባቢ የሆነ ሳህን ይውሰዱ። ግማሹን ዝኩኒ፣ ጥቅል ጎመን፣ ደበርጃን፣ ቲማቲም፣ የፈለጉት ስታርች የሌለው አትክልት ይሙላው። ሩቡ ዶሮ፣ ዓሣ፣ እንቁላል ወይም ጥራጥሬ። የቀረችው ሩብ ለኩስኩሱ። አትክልቱ ከነመረቁ ይፍሰስበት፤ ያኔ ትንሹ ኩስኩስ ትንሽ አይመስልም።

ሽምብራ ላይ ልጠንቀቅ። በጣም እወደዋለሁ፤ ግን «ጥራጥሬ ነው» ብለው እንዳይዘናጉ። ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ሽምብራ ራሱ 22 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ነገር ግን 6 ግራም ፋይበርና 7 ግራም ፕሮቲን ይዞ ስለሚመጣ ስኳርን ቀስ አድርጎ ነው የሚያነሳው። ግማሽ ኩባያ ሽምብራ ከጨመሩ ደረቁን ኩስኩስ ወደ 30 ግራም ያውርዱት። ድምሩ 45 ይሆናል። ከእርስዎ 150 ጋር ያስተያዩት።

የአበላል ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው። አትክልቱንና ፕሮቲኑን መጀመሪያ፣ ኩስኩሱን መጨረሻ ላይ ሲበሉ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳር ዝቅ እንደሚል በጥናት ታይቷል። ሁሉንም አደባልቆ መብላት የለመደ ሰው ይህ ይከብደዋል። ቢያንስ ሰላጣውን ያስቀድሙ። ጭማቂውን ይተዉት፤ ብርቱካኑን ራሱን ይብሉ። ዘቢቡን ደግሞ ጣዕሙን ካልተዉት አንድ የሻይ ማንኪያ ከትፈው ይበትኑት፣ በየጉርሻው ይደርስዎታል። ከምግብ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ማለትም ብዙ ይረዳል፤ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ከደም ላይ ስኳር ይወስዳል። ከበሉ በኋላ ሶፋ ላይ መዘርጋቱን ይተዉት።

ቡናማው፣ ከሙሉ ስንዴ የተሠራው ይሻላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። በፋይበር ይሻላል፤ ግን መጠኑን ከመቁጠር ነፃ አያወጣም። የፍሬው አሠራር ያው የላላ ነው። ቀለሙንም አይመኑ፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን የፋይበር ቁጥር ያንብቡ። የገብስ ኩስኩስ ካገኙ ግን እጅዎን ዘርግተው ይቀበሉት። ሞሮኮ ውስጥ በልቡላ ይሉታል። ገብስ ስኳር ቀስ ብሎ እንዲገባ የሚያደርግ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ ፋይበር አለው። በከረጢት የታሸገ፣ ከነቅመሙ የሚሸጠውን ኩስኩስ ግን እኔ አልወደውም። ጨው ነው የሚያበሉን። ስኳርና ደም ግፊት አብረው የሚሄዱ ጓደኛሞች ስለሆኑ በቀን ከ2,300 ሚሊግራም ሶዲየም እንዳናልፍ ነው የሚመከረው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ መለኪያዎ ይመስክር። ከመብላትዎ በፊት ይለኩ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ይቁጠሩ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው እንጂ ሳህኑ ከተነሳ በኋላ አይደለም። ለብዙ አዋቂ የሚቀመጠው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው። እስካሁን የጻፍኩት በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ መለኪያዎ በሌላው አሃድ፣ በሚሊሞል በሊትር፣ የሚያነብ ከሆነ፣ ለምሳሌ 13.1 ካለ፣ በ18 ያባዙት፤ የእርስዎ 236 ይመጣል። ያንኑ ሳህን ሌላ ቀን ይድገሙትና እንደገና ይለኩ። አንድ ቀን የተለካ ቁጥር በእንቅልፍ እጦትም፣ በጭንቀትም፣ በጉንፋንም ሊዛባ ይችላል። በልክ በልተውም ከ180 በላይ እየደጋገመ ከመጣ ቁጥሮቹን ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩ። ሜትፎርሚኑን በራስዎ እጅ አይጨምሩ። ከዚህ ባሻገር ውሃ ጥሙ ከበዛ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ከመጣ፣ ክብደትም ያለ ምክንያት ከቀነሰ ቀጠሮውን አይጠብቁ።

ጥያቄ

እኔ የምጠይቀው ስለ አማቴ ነው። 71 ዓመታቸው ነው። ጠዋትና ማታ ቅልቅል ኢንሱሊን ይወጋሉ። ኩስኩስ ይወዳሉ፣ ለስላሳ ስለሆነ ለጥርሳቸውም ይመቻል። ችግሩ አንዳንድ ቀን ከተወጉ በኋላ ሦስት ማንኪያ ቀምሰው «በቃኝ» ይላሉ። ባለፈው ላብ በላብ ሆነው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስለካቸው 58 ሆኖ አገኘሁት። ባለቤቴ «ኩስኩስ አብይያቸው፣ ስኳር ያነሳል» አለኝ። ትንሽ አበላኋቸው፣ ግን ለመመለስ ቆየ። ኩስኩስ እንዲህ ላለው ጊዜ ይሆናል? ደግሞስ ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ድስት እየሠራሁ እንዴት ልለይላቸው?

የአማቷ ምራት

መልስ

እህቴ፣ አማትሽ ዕድለኛ ናቸው። ምልክቱን አይተሽ ወዲያው መለካትሽ ትልቅ ነገር ነው።

ኩስኩስ ለዚያች ሰዓት አይሆንም። ከ70 በታች ሲወርድ የምንፈልገው ሳይውል ሳያድር ደም ውስጥ የሚገባ ስኳር ነው። ኩስኩስ ገና በጨጓራ አልፎ፣ ተፈጭቶ፣ ተሰባብሮ ነው ስኳር የሚሆነው። ዘይትና ሥጋ ከነካው ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። ስለዚህ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ስጪያቸው። ግማሽ ኩባያ ማለትም 120 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ወይም ዳይት ያልሆነ ለስላሳ፣ አለዚያም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ። 15 ደቂቃ ጠብቂ። ለኪ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሚ። ቁጥሩ ሲመለስ ቀጣዩ ምግብ ገና ከሆነ ያኔ ኩስኩሱን ከእንቁላል ወይም ከጥራጥሬ ጋር ይብሉ፤ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይወርድ ያ ይጠቅማቸዋል። ለላይኛው ሰው ጭማቂ ከለከልኩ፣ ለእሳቸው ጭማቂ አዘዝኩ፤ ግራ አይግባሽ። ያው ፍጥነቱ ነው እዚያ የሚጎዳው፣ እዚህ የሚያድነው።

ራሳቸውን ከሳቱ ወይም መዋጥ ካቃታቸው በአፋቸው ምንም እንዳታደርጊ። ትንታ ሊገድላቸው ይችላል። ወደ ጎን አስተኝተሽ አምቡላንስ ጥሪ። ግሉካጎን የሚባል የድንገተኛ መድኃኒት ቤት ውስጥ መያዝ ትችሉ እንደሆነም ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ዋናው ጉዳይ ግን «በቃኝ» የሚሉት ነገር ነው። ቅልቅል ኢንሱሊን አንዴ ከተወጋ በኋላ ሥራውን አያቆምም። ሰዓቱንና መጠኑን የጠበቀ ምግብ ይፈልጋል። ሦስት ማንኪያ ኩስኩስ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ ኢንሱሊኑ ግን ለሙሉ ሳህን ነው የተወጋው። ይህን ለሐኪማቸው ዛሬ ነገ ሳትዪ ንገሪ፤ 58 የመጣበትን ቀንና ሰዓት ጽፈሽ ውሰጂ። መጠኑ ሊቀነስ ይችላል፣ የኢንሱሊኑ ዓይነትም ሊቀየር ይችላል። በዚህ ዕድሜ፣ በተለይ ሌላ ሕመም ካለ፣ ሐኪሞች የስኳሩን ግብ ላላ ማድረጋቸው የተለመደ ነው። አዛውንት ስኳሩ ወርዶ ሲወድቅ ዳሌው ይሰበራል፤ እኔ ከትንሽ ከፍታው ይልቅ ይህንን ነው የምፈራው። በራስሽ ግን መርፌውን አታስቀሪ። ለምን «በቃኝ» እንደሚሉም ጠይቂያቸው። ጥርስ ነው? ማቅለሽለሽ ነው? ቶሎ ጥግብ የማለት ስሜት ነው? ስኳር የቆየበት ሰው ጨጓራው ምግብ ቀስ ብሎ የሚለቅ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ራሱን የቻለ ምርመራ አለው።

የድስቱ ነገር ቀላል ነው። ሁለት ዕቃ ተጠቀሚ። ኩስኩሱ ለብቻው፣ ወጡ ለብቻው። አደባልቀሽ ከሠራሽው ማን ምን ያህል እንደበላ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። የእሳቸውን ድርሻ በደረቁ መዝነሽ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ለብቻ የፈላ ውሃ አፍስሺበት፣ ክደኚው፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሹካ አፍታቺው። የዘይት ማንኪያሽን ቁጠሪ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ለእሳቸው ግን ምግብ የሚበሉት ትንሽ ከሆነ ዘይቱን አልሰስትም። አትክልቱን በጣም አብስይው፣ ዶሮውን በጣትሽ ፈልፍዪው፤ ለጥርሳቸው ይመቻል። ጎረምሶቹ የፈለጉትን ያህል ከድስቱ ይጨልፉ።

ጥያቄ

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሰባተኛ ወሬ ነው። የእርግዝና ስኳር አለብሽ ተባልኩ። ቁርሴ ኩስኩስ በወተትና በማር ነበር። የግድ ልተወው?

እንቅልፍ ያጣችው

መልስ

ለቁርስ፣ አዎ፣ ተዪው። ምሳ ላይ እንነጋገር።

በእርግዝና ጊዜ ኢንሱሊን እንዳይሠራ የሚታገሉት ሆርሞኖች ጠዋት ላይ ይበረታሉ። ያው ሳህን ጠዋት ሲበላና እኩለ ቀን ላይ ሲበላ የሚያመጣው ቁጥር ይለያያል። አንቺ ደግሞ ኩስኩሱን በማር አጣፍጠሽ፣ ላዩ ላይ ወተት አፍስሰሻል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፣ አንድ ኩባያ ወተት 12 ግራም። ኩስኩሱ ገና ሳይቆጠር ሁለት ቁራሽ ዳቦ ሊሞላ ነው። የአንቺ ግብም ከሌሎቻችን የጠበቀ ነው፦ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት ከ140 በታች፣ በሁለት ሰዓት ከ120 በታች።

ጠዋት እንቁላል፣ ከእሱ ጋር አንድ ቁራሽ የሙሉ ስንዴ ዳቦና አትክልት ይሻልሻል። ኩስኩሱን ምሳ ላይ በግማሽ ኩባያ ጀምሪ፣ ከአትክልትና ከዶሮ ጋር፣ ማር ሳይነካው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለኪ። ከ140 በታች ከሆነ ቀጥዪበት። ከለፋሽም በኋላ አልወርድ ካለ ሐኪምሽ ኢንሱሊን ሊጀምርልሽ ይችላል፤ የእንግዴ ልጁ ሥራ እንጂ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ምግብ ቆርጠሽ ቁጥር ለማውረድ ብቻ እንዳትሞክሪ፤ ሕፃኑም ይበላል።

ከወለድሽ በኋላ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ስኳርሽን ተመርመሪ። በአራስ ቤት ግርግር ይረሳል፣ ቀጠሮውን ከአሁኑ አስይዢ።